በበዓል ቀን የመጣው ብልጭታ

ውድ ኦግኒያን፣

«የባልደረባችን የሊዩበን ጋርቫኖቭ ጥርጣሬ በየትኛውም ማስረጃ ሊፈርስ አይችልም። እሱ ራሱ ለዓመታት ባስተማረን መለኪያ ብንመዝነው እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሳይንሳዊ ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ በሐሙሱ ስብሰባ አይቀርብም። በጽሑፋችን ላይ ስሙ እንዲወጣ የማይፈልግ ሰው እስከ ወሩ መጨረሻ ያሳውቅ።»

ባለፈው ሰኞ ለመላው የምርምር ቡድን የላክኸው መልእክት ይህ ነው። ቃል አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩበትም። «ባልደረባችን» ብለኸኛል። መነጽርህ ሲጠፋብህ እንኳ ከሚስትህ በፊት ለእኔ የምትደውል ሰው፣ ሶፊያ ተማሪዎች ሳለን አንድ ክፍልና አንድ ምድጃ የተጋራኸኝ ሰው፣ ለእኔ ሳትደውል ለስልሳ ሰው «ባልደረባችን» ብለህ ጻፍክ።

በስልክ ልመልስልህ አስቤ ነበር። ግን በስልክ ታስቀኛለህ፤ ከሳቅኩ ደግሞ የጀመርኩትን አልጨርስም። ስለዚህ በወረቀት እጽፍልሃለሁ። ግልባጩንም የማዕድን ጉድጓዱ አፍ ላይ ባለው ልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ የራስ ቁሮቻችን ከሚሰቀሉበት በላይ እለጥፈዋለሁ። አንተ ስለ እኔ የጻፍከውን ሁሉም አንብቦታል። እኔ ለአንተ የምጽፈውንም ያንብቡት። አልፎ አልፎ የምታውቀውን ነገር ሳስረዳ ካገኘኸኝ፣ በዚያ ለሚያልፉት አዲስ ልጆች ስል ነው።

አስቀድሜ ያላልኩትን ላጥራ። እኔን «ሰማዩን የሚክድ» አድርገህ ማውራት እንደጀመርክ ሰምቻለሁ። ሰማዩን ክጄ አላውቅም። በየጋላክሲው ዳርቻ ያሉ ከዋክብት፣ የምናየው ቁስ ብቻውን ይዞ ሊያቆያቸው በማይችለው ፍጥነት ይዞራሉ። ከሩቅ የሚመጣ ብርሃን በመንገዱ ላይ ካየነው ነገር ክብደት በላይ ይታጠፋል። ከሁሉም የቆየው የሰማይ ብርሃን እንኳ የዚያኑ ያልታየ ክብደት አሻራ ይዟል። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ምስክሮች ተቀራራቢ ነገር ሲናገሩ ችላ የሚል ዳኛ ሰነፍ ነው። ይህን በየመኸሩ አስተምራለሁ፤ አሳምሬም ነው የማስተምረው። አንተም ከኋላ ወንበር ተቀምጠህ ሰምተኸኛል።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የጎደለ ነገር እንዳለ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ለጎደለው ነገር «ጨለማ ቁስ» የሚል ስም አውጥቶ «ንድፈ ሐሳብ አለኝ» ማለት ደግሞ ሌላ። እውነተኛ ንድፈ ሐሳብ አንገቱን ይሰጣል። «እዚህ ቦታ ፈልጉኝ፤ ካጣችሁኝ ሞቻለሁ» ይላል። ይህን ለማለት የማይደፍር ከሆነ የምንወደው ግምት ነው እንጂ ንድፈ ሐሳብ አይደለም።

ሁለተኛው ታንክ ባዶውን የቀረበትን ሰሞን አስብ። እንደምታውቀው፣ የእርሳስ ማዕድን ይወጣበት በነበረው በኦሎቮ ዶል ጉድጓድ ግርጌ ዜኖን የሚባል ቀዝቃዛ ፈሳሽ የሞላ ታንክ አስቀምጠን አንዲት ብልጭታ እንጠብቃለን። የጨለማው ቁስ ቅንጣት ከፈሳሹ አቶም ጋር ቢጋጭ ትንሽ ብርሃን ይወጣል ብለን ነው። ከሕዋ የሚዘንበውን ጨረር ተራራው ይከላከልልናል። የመጀመሪያው ታንክ ምንም አላየም። አንተም «ቅንጣቱ ካሰብነው ቀለል ያለ ነው» አልክ። ሁለተኛውና ትልቁ ታንክም ምንም አላየም። «ቅንጣቱ ካሰብነው በላይ ዓይናፋር ነው» አልክ። በረዶ መንገዱን ዘግቶ ሁላችንም ምግብ ቤቱ ውስጥ የባቄላ ሾርባ ስንጠጣ የተባባልነው እንዲህ ነበር።

«ኔፕቱንን አስታውስ» አልከኝ። «ዩራነስ ከመንገዱ ዛነፈ። ሰዎቹ ‹የማናየው ነገር እየጎተተው ነው› አሉ፤ ፈለጉ፤ አገኙት። እኛስ ከዚህ ሌላ ምን አደረግን?»

«ሜርኩሪስ?» አልኩህ። «ሜርኩሪም ዛነፈ። ያንኑ አሉ። ለማይታየው ፕላኔት ስም ሁሉ አወጡለት፤ አየነው ብለው የማሉም ነበሩ። በመጨረሻ ግን ፕላኔት አልነበረም። የተሳሳተው የስበት ሕጉ ነበር።»

«እና እኛ የትኞቹ ነን?»

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅህ። የትኞቹ እንደሆንን በምን እናውቃለን?»

ዳቦህን ሾርባው ውስጥ ነከርክና «ስናገኘው» አልክ።

«ካጣነውስ?»

«ከዚህ የሚበልጥ ታንክ እንሠራለን።»

ገበታው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያን ዕለት ማታ ወደ ላይ ስንወጣ አሳንሰሩን የሚያንቀሳቅሰው ጋሽ ስቶይል እንደ ልማዱ «ያ ሌባ ዛሬም አልተያዘም?» ሲለን፣ አንተ «መረቡን እያሰፋንለት ነው» ብለህ ትከሻውን መታ አደረግከው። እኔ ግን ከሳቁ በኋላ አንድ ነገር በሆዴ ቀረ። እንደ ቀልድ የተናገርከው እውነተኛ ሐሳብህ ይሆን? ብዬ ጠረጠርኩህ። አንተን መጠርጠር የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ብልጭታው ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት።

አሁን ወደ ብልጭታው ልምጣ።

ለአዲሶቹ ልጆች፦ እኛ ራሳችንን አናምንም። ይህ ከሥራችን ሁሉ የምወደው ነገር ነው። ሰው ማየት የሚፈልገውን ነገር ማየት ይቀናዋል። ስለዚህ የመረጃ ኃላፊያችን ዝድራቭካ ከመረጃው መሐል የሐሰት ብልጭታዎችን ትቀላቅላለች። «ጨው» እንለዋለን። የትኛው ጨው፣ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። መለኪያችንን ሁሉ አጥብቀን ከጨረስንና መቀየር እንደማይቻል ከፈረምን በኋላ ብቻ መረጃው ይከፈታል። ያኔ ዝድራቭካ ተነሥታ የራሷን ትለቅማለች። የሚቀር ካለ የሚቀረው እውነት ነው። እስከ ዘንድሮ ድረስ ቀርቶ አያውቅም።

የመክፈቻው ቀን በዓላችን ነው። ዝድራቭካ አይብ የገባበት ባኒፃ ጋግራ ትመጣለች፤ ቤተሰብ ለአዲስ ዓመት እንደሚያደርገው በየንብርብሩ መሐል የዕድል ወረቀት ትደብቃለች። የእሷ ዕድሎች ግን «አረፋ ነው»፣ «ገመድ ተነቅሏል»፣ «ጨው» የሚሉ ናቸው። አንድ ወረቀት ብቻ «ተገኘ» ይላል። ዘንድሮ ለእኔ «ገመድ ተነቅሏል» ደረሰኝ። «ተገኘ» የሚለው ከአንተ ቁራሽ ወጣ።

«ባኒፃው ምድጃ ሳይገባ ኦግኒያን አይቶታል» አልኩ።

«ሊዩበን ባኒፃም ይጠረጥራል!» አልክ አፍህ ሙሉ ሆኖ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ከዚያ መረጃው ተከፈተ። የዶክትሬት ተማሪያችን ፕላሜና የቀሩትን ብልጭታዎች አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ አወጣች። ዝድራቭካ ክንዷን አጣምራ ቆማለች። «የኔ» አለች። «የኔ።» «እሱም የኔ።» ሰዉ መቀመጫውን እየሳበ ኮቱን መፈለግ ጀምሮ ነበር። የመጨረሻው ወጣ። ዝድራቭካ ወደ ስክሪኑ ቀረብ ብላ መነጽሯን አወለቀች፤ መልሳ አደረገችው።

«ይኼስ?» አለቻት ፕላሜና።

«የኔ አይደለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አንቺ ልጅ፣ የራሴን ልጅ ከጎረቤት ልጅ መለየት ያቅተኛል?»

ፕላሜና አለቀሰች። አንተ አቅፈህ ከመሬት አነሣሃት። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ይጮኻል። እኔ ብቻ ተቀምጬ ከብልጭታው ግርጌ ያለውን ቀን አነባለሁ። ኦገስት አሥራ ስምንት። የማዕድን ሠራተኞች በዓል።

በዚያ ቀን ከተማው ሁሉ አደባባይ ወጥቶ ከባፕቼ የሚባል ሥጋ ይጠብሳል፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሆሮ ይጨፍራል። ጉድጓዱ ጭር ይላል። በዚያ ቀን ታች ተረኛ የነበርከው አንተ ነህ፤ ብቻህን። ጨው የሚጨምረውን ፕሮግራም፣ ዝድራቭካ ከመረከቧ በፊት፣ የጻፍከው አንተ ነህ። ብልጭታው የወደቀው ደግሞ በጸደይ ወራት ሶፊያ ላይ በሰጠኸው ገለጻ «ካለ እዚህ ነው የሚሆነው» ብለህ ግራፉ ላይ በቀይ ቀለም ባከበብካት ጠባብ ቦታ መሐል ነው። ወደ ዳር እንኳ አላለም።

እንዲህ ያለ ነገር የሌላ ቡድን ቢሆን አንተ ራስህ ምን ትል ነበር? አውቅሃለሁ። ቅንድብህን ከፍ አድርገህ «እጅግ በጣም ያምራል» ትል ነበር። በአንተ አፍ ይህ ምስጋና እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

በማግሥቱ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ስነግርህ ዝድራቭካም ነበረች። የተባባልነውን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ምክንያቱም ከክፍሉ ሲወጣ ወሬው ሌላ መልክ ይዞ ነው የወጣው።

«አንተ ሰው፣ ምን ነካህ?» አልከኝ፤ አንድ እግርህ ቦቲ ውስጥ፣ አንዱ ውጪ ሆኖ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ‹ምንም አትተነብዩም፣ ምንም አትተነብዩም› እያልክ ጆሮአችንን አደነቆርከው። እሺ፤ በጸደይ ተነበይኩ። በበጋ መጣ። አሁን ደግሞ በተነበይኩበት ቦታ መምጣቱ ወንጀል ሆነ?»

«ቦታው አይደለም። ቀኑ ነው።»

«ቅንጣት የዕረፍት ቀን አያውቅም!»

«አንተ ግን ታውቃለህ።»

ቦቲህን ወርውረህ ተነሣህ። «ለምን ብቻዬን እንደነበርኩ ልንገርህ? ሌሎቹ ልጆች አሏቸው፤ ወደ አደባባዩ ይሂዱ ብዬ። አንተስ የት ነበርክ? ከእህትህ ጋር ጥቁር ባሕር ዳር ዓሣ ትበላ ነበር! አንድ በዓል እንኳ ተረኛ ሆነህ ታውቃለህ?»

«አልጠየቅከኝም።»

«አይጠየቅማ! ሰው ራሱ ይላል እንጂ!»

ዝድራቭካ እስክትገባ ድረስ እንዲህ ስንነታረክ ቆየን። እሷ ፕሮግራሙን ከፕላሜና ጋር ሆነው እንደመረመሩት፣ የተነካ ነገር እንዳላገኙበት ነገረችን። እኔም «የጻፈው ሰው እንዴት እንደሚጸዳ ያውቃል» አልኳት። ያኔ ነው አይታኝ፣ በዚያ በረጋ ድምጿ፣ ይህን ያለችው፦

«ሊዩበን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ብልጭታው ጨው አለመሆኑን ለማመን ምን ማየት አለብህ?»

የራስ ቁሬን አንሥቼ ማሰሪያውን ማጥበቅ ጀመርኩ።

«ሌላ ብልጭታ ቢመጣ ‹እሱንም አስገባው› ትላለህ። ፕሮግራሙን አሳየንህ፤ ‹ተጸድቷል› አልክ። ኦግኒያን ቢምልልህ ‹መማል ይችላል› ትላለህ። በል ንገረኝ፤ አንተና ያ ስትነቅፈው የኖርከው ንድፈ ሐሳብ በምን ትለያላችሁ?»

አንተ ሳቅክ። ጮክ ብለህ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፈህ ሳቅክ። ጥያቄዋ ትክክል ነበር፤ በእሷ አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት በሳቅህ ነው። ቤቱ እንዳይፈተሽ ሲጨነቅ የቆየ ሰው፣ ፈታሹ ራሱ ተከስሶ ሲያይ እንደሚስቀው ሆኖ ተሰማኝ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ምናልባትም እንዲያው ያስቀህ ነበር። እኔ ግን አሁን ሳቅህን እንኳ በቀጥታ መስማት አቅቶኛል፤ እዚህ ደረጃ ላይ ደርሻለሁ።

ከዚያ ሰኞ መጣና የእሷን ጥያቄ ወስደህ፣ ከጥያቄ ወደ ፍርድ ለውጠህ፣ ለስልሳ ሰው ላክኸው።

ስማኝ ኦግኒያን። መልእክትህ ግማሹ እውነት ነው፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ፕሮግራሙ ንጹሕ ሲገኝ ጥርጣሬዬን አልተውኩም፤ ቦታ ቀየርኩለት። አንተ ቅንጣቱን ቀለል ባለ ቦታ፣ ከዚያም ዓይናፋር በሆነ ቦታ እንዳስቀመጥከው፣ እኔም ጥርጣሬዬን ማንም ሊደርስበት በማይችል ቦታ አስቀመጥኩት። በክፍሌ ውስጥ ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ አስነሥቼ ሰሌዳው ፊት አቆመዋለሁ።

ሌላው ግማሽ ግን ሐሰት ነው። «ሊፈርስ አይችልም» ብለሃል። የሚፈርስበትን መንገድ ጠየቅከኝ? አልጠየቅከኝም። ዝድራቭካ ጠየቀችኝ፤ አንተ ሳቅክ፤ እኔ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን እንደ መልስ ቆጥረህ ዘጋኸው። መልስ ለማሰብ ሰው ጥቂት ቀን ያስፈልገዋል። አስቤ ጨርሻለሁ። እነሆ።

ጨው የምንጨምርበት ኮምፒውተር ከመረጃ መስመሩ ይነቀል። በይለፍ ቃል ወይም በቁልፍ መዝጋቱ አይበቃም፤ ገመዱ ተቆርጦ፣ ማሽኑ በአሳንሰር ወጥቶ ዝድራቭካ ወደምትመርጠው ቦታ ይሂድ። አንተም እኔም ከተረኞች ዝርዝር እንውጣ፤ ሁለታችንም ወደ ታች አንውረድ፤ መረጃውንም አንንካ። ፕላሜናና ሌሎቹ ያለ ጨው፣ አሁን በተፈረመበት መለኪያ፣ ምንም ሳይለውጡ ይቀጥሉ። በዚያች በቀይ ባከበብካት ቦታ ውስጥ የዚህኑ ዓይነት ብልጭታ ዳግመኛ ከታየ ጥርጣሬዬ ሞተ። ሌላ ቦታ አላዛውረውም። በስብሰባው ፊት ቆሜ «ኦግኒያን ቬልኮቭን ያለ አግባብ ጠረጠርኩት» እላለሁ፤ በየመኸሩ የማስተምረውንም ትምህርት እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ።

እኔ አንገቴን ሰጠሁ። አሁን የአንተ ተራ ነው።

ካልታየስ? ታንኩ በባዶው ቢቀጥልስ? አንድ ጊዜ የመጣ ነገር በዕድል ብቻ ለአንድ ዓመት ላይደገም እንደሚችል አውቃለሁ፤ እንደ ጀማሪ አታስተምረኝ። ስለዚህ ርዝመቱን አንተ ወስን። ሁለት ዓመት በል፤ አምስት በል። አልከራከርህም። ግን አሁን ወስን፤ መረጃው ከመምጣቱ በፊት። ከዚያ ጊዜ በኋላ ባዶ ከሆነ፣ የተነበይከው ቅንጣት፣ ያ ራሱ ቅንጣት፣ የለም ብለህ ትጽፋለህ። «ቀለል ያለ ነው» የለም። «ዓይናፋር ነው» የለም። ትልቅ ታንክ የለም። ሰማዩ ላይ ያለውን ነገር ሌላ ሰው በሌላ ሐሳብ ይፈልገው። ያኔ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ፣ ንድፈ ሐሳብ ነበረን ማለት እንችላለን፤ ተሳስቶ የሞተ ቢሆን እንኳ። ተሳስቶ መሞት የሚችል ነገር ክብር አለው።

አንድ ያልነገርኩህን ነገር ልጨምር፤ ከዚህ በኋላ ዕድል ላላገኝ እችላለሁና። ሚስቴ ጥላኝ የሄደች ሰሞን እናትህ የሠራችውን ልዩቴኒፃ፣ ያን የቃሪያ ድልህ፣ በብልቃጥ ይዘህ መጣህ። ስለ ሚስቴ አንድ ቃል አልጠየቅከኝም። ዳቦ ቆርሰህ ቀባህልኝና ስለ ዜኖን ማጣሪያ ቱቦ እስኪመሽ ድረስ አወራኸኝ። ስትወጣ በሩ ላይ «ነገ ተረኛ ነህ፣ እንዳትቀር» አልከኝ። ተረኛ አልነበርኩም። ውሸት መሆኑን አውቄ መጣሁ። ያን ውሸትህን እስከ ዛሬ እንደ ውለታ ነው የያዝኩት። አሁን ግን አንድ የሚያሳፍረኝ ነገር በጭንቅላቴ ይዞራል። ይህ ሰው ለሰው አዝኖ መዋሸት ይችላል። ለፕላሜና ቢያዝንስ? ለስልሳው ሰው፣ ፀሐይ ሳያዩ ላረጁት፣ ቢያዝንስ? «አንድ ጊዜ እንኳ ይደሰቱ» ብሎ ቢሆንስ?

አየህ፣ ክፉ ሰው ነህ ብዬ አይደለም የጠረጠርኩህ። ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቅሃለሁ። አንደኛው እንደ ወዳጅ ነው፦ አስገባኸው ወይስ አላስገባኸውም? «አስገባሁ» ካልክ እናደዳለሁ፤ ፕላሜና ከመመረቋ በፊት ለቡድኑ አብረን እንነግራለን፤ ከአንተ ጋር ግን አልለያይም። «አላስገባሁም» ካልክ፣ እንደ ወዳጅ በዚያው ደቂቃ አምንሃለሁ፤ ቃሌ ነው። እንደ ፊዚክስ ሰው ግን ታንኩን እጠብቃለሁ። ወዳጅህና ፊዚክስ አዋቂው አንድ ሰው ስለሆኑ ብቻ አንዱ ለሌላው እንዲፈርም አትጠይቀኝ።

ሁለተኛው የጊዜው ጥያቄ ነው። ስንት ዓመት ባዶ ቢሆን ትተወዋለህ? ቁጥር ጻፍ። «እንደ ሁኔታው» ብለህ አትጻፍ።

በጽሑፎቻችን ሁሉ ስማችን በአገራችን ፊደል ተራ ሲሰፈር ቬልኮቭና ጋርቫኖቭ ጎን ለጎን ነው የሚወጡት፤ ቡድኑ ሲያድግ ሲቀንስ በመሐላችን የገባ ሰው የለም። ስሜን ማስወጣት አልፈልግም። ነገር ግን እውነት ይሁን ሐሰት ማወቅ በማይቻል ነገር ሥር አላስቀምጠውም፤ የአንተ አጠገብ ቢሆንም እንኳ።

ለሁለቱም ጥያቄ መልስህን በወረቀት፣ በራስህ እጅ ጽፈህ፣ ፈርመህበት እፈልጋለሁ። በሰው አፍ አትላክብኝ፤ ስብሰባ ላይ በጎን አትንገረኝ። እስከ ኖቬምበር 28 እኩለ ቀን ድረስ እጄ ካልገባ በዚያው ሰዓት ስሜ ከዝርዝሩ እንዲሰረዝ ለዝድራቭካ እነግራታለሁ፤ ለምን እንደተሰረዘም ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ ደብዳቤ አሳየዋለሁ።

ሊዩበን ጋርቫኖቭ
ኦሎቮ ዶል፣ ኖቬምበር 14